የሐረር ሙዚየሞች ለገዛ ልጆቻችን የሚነበቡ ይሁኑ

ለተከበረው የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሐረር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በጅብ ምገባው፣ በጁገል ግንብና በሚመጣው የቱሪስት ቁጥር ላይ ነው። እኔ በዚህ ደብዳቤ ላነሳው የፈለግሁት ጎብኚው ትኬቱን ቆርጦ የሙዚየሙን ደፍ ከተሻገረ በኋላ ስለሚያጋጥመው ነገር ነው። በሐረር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼንም በየዓመቱ ወደ ከተማዋ ሙዚየሞች ይዤ እሄዳለሁ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ያለው ቅርስ ብዙና ውድ ነው። ይሁን እንጂ የዕቃው አቀማመጥ፣ መብራቱ፣ የማብራሪያ ጽሑፉና ጎብኚው ይዞት ወደ ቤቱ የሚመለሰው መጽሐፍ በቂ ሐሳብ ስላልተሰጣቸው ልጆቻችን ብዙ አይተው ጥቂት ብቻ ተረድተው ይወጣሉ። መጽሐፍ በመጻፍ፣ በመገልበጥና በመጠረዝ ለዘመናት ስሟ በተጠራ ከተማ ይህ መሆኑ እኔን በግሌ ያሳዝነኛል፤ ሊስተካከል የሚችል ነገር በመሆኑም ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ ሙዚየም ውስጥ ባለፈው የትምህርት ዘመን ያየሁትን ላስቀድም። ተማሪዎቹ አንድ የመስታወት ሣጥን ከበው ቆሙ። በውስጡ በወረቀት ላይ የተጻፈ የቆየ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ ተከፍቶ ተቀምጧል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ሆኖ የየክፍሉ መጀመሪያ በቀይ ተለይቷል፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በደቃቅ ፊደል አግድም ሽቅብ የጻፋቸው መስመሮች ይታያሉ። ከኋላ ሽፋኑ ተነሥቶ የገጾቹን ጠርዝ የሚሸፍነው የቆዳ ምላስ በመሃሉ የታተመ ሐረግ አለው፤ ሐረጉ እጅ ሲነካካው በኖረበት በኩል ለስልሶ ሊጠፋ ደርሷል። ከሣጥኑ ግርጌ የተለጠፈችው ካርድ ግን የምትለው «የእጅ ጽሑፍ፣ ሐረር» ብቻ ነበር። አንዲት ተማሪ ካርዷን ለማንበብ መንበርከክ ነበረባት። ተነሥታ «ቲቸር፣ ማን ነው የጻፈው? ዳር ላይ ያለውስ ለምን ተጣሞ ተጻፈ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዐረብኛ ማንበብ ስለማልችል መልስ አልነበረኝም፤ በክፍሉ የነበረው ጠባቂም የሚያውቅበት መንገድ አልተመቻቸለትም። ልጆቹ ወዲያው ወደ ጎራዴዎቹ ተሻገሩና በስልክ ፎቶ መነሣት ጀመሩ።

ያቺ ልጅ የጠየቀችው አንድ ሙዚየም ከጎብኚው ሊያገኝ ከሚችለው ሁሉ የላቀውን ነገር ነው። በኅዳጉ ላይ የተጻፈው የአንድ መምህር ማብራሪያ ወይም የአንድ ደቀ መዝሙር ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉ ሲነበብ፣ ሲጠናና ሲከራከሩበት የኖረ መሆኑን የሚመሰክረውም እርሱ ነው። ይህን የሚናገሩ ሦስት መስመሮች በዐይን ትይዩ ተጽፈው ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ከራሷ ደብተር ኅዳግ ጋር አያይዛ ታስታውሰው ነበር። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በፕራግ ባጸደቀው አዲስ ትርጓሜ ሙዚየም ቅርስን ከመሰብሰብና ከመጠበቅ ጋር ለሕዝብ ክፍትና ተደራሽ የሆነ፣ ለትምህርት፣ ለደስታ፣ ለማሰላሰልና ዕውቀትን ለመጋራት የሚያገለግል ተቋም እንደሆነ አስቀምጧል። በእኛ ዘንድ ስለ መሰብሰቡና ስለ መጠበቁ ብዙ ይነገራል። ዕውቀትን ስለ መጋራቱ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማብራሪያ ጽሑፉ ልናገር፤ ከሁሉ የሚረክሰውና ከሁሉ የሚዘነጋው እርሱ ነውና። የሙዚየም ባለሙያዎች ለአንድ ዕቃ የሚጻፈው ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ከ50 እስከ 75 ቃላት እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ ቆሞ የሚያነብ ሰው ከዚያ በላይ አይታገሥምና። አማርኛ ግሱን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ ቃል አጥፎ ስለሚይዝ ለእኛ ከ30 እስከ 40 ቃላት ይበቃሉ። ጽሑፉ የቆመ ሰው ጎንበስ ሳይል የሚያነበው፣ ፊደሉ ከሁለት እርምጃ ርቀት የሚለይ፣ ወረቀቱም መብራት የማያንጸባርቅ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ምን እንደሚጻፍ መወሰኑ ነው። «ሳንቲም፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ካርድ ለመዝገብ ቤት ይጠቅማል እንጂ ለጎብኚ አይጠቅምም። በእኔ እምነት በዚያው ቦታ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችል ነበር፦ «ይህች ሳንቲም በሐረር ከተማ የተሠራች ናት። የሐረር አሚሮች በራሳቸው ስም ገንዘብ ያሠሩ ነበር። በላይዋ ያለውን የዐረብኛ ጽሑፍ ልብ ብለው ይመልከቱ። በገበያው ከሩቅ አገር ከመጡ ገንዘቦች ጋር ጎን ለጎን ትሠራ ነበር። ከስሯ የተቀመጠውን የማሪያ ቴሬዛ ብር አይተው መጠናቸውን ያነጻጽሩ።» ይህ ከ40 ቃል አይበልጥም። ነገር ግን ሳንቲሟ በማን ሥልጣን እንደተሠራች ይናገራል፤ ጎብኚው እንዲያይ ያዝዛል፤ ሁለቱን ገንዘቦች አቀራርቦ ማስቀመጥ ደግሞ የአቀማመጥ፣ ማለትም የንድፍ ሥራ ነው። ጽሑፍና ንድፍ ተለያይተው አይሠሩም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ በሐረር ብቻ የሚያጋጥም ችግር አለ። የክልላችን የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው፤ አማርኛ በከተማው ሁሉ ይነገራል፤ ከምሥራቅ የሚመጣው ወገናችን ሶማሊኛ ይናገራል፤ የውጭ ጎብኚው እንግሊዝኛ ይጠብቃል። አምስቱንም በአንዲት ካርድ ላይ እንጻፍ ቢባል ካርዷ ከዕቃው ትበልጣለች፣ ፊደሉም ከማንም ዐይን በታች ያንሳል። ከቋንቋዎቹ አንዱን እንተው ማለት ደግሞ ከልጆቻችን ከፊሉን በር ላይ መመለስ ይሆናል። መፍትሔው በመጽሐፉ በኩል ይመጣል። በግድግዳው ላይ ሁለት ቋንቋ ተጽፎ ለእያንዳንዱ ዕቃ ጉልህ ቁጥር ቢሰጠው፣ የቀሩት ቋንቋዎች በየራሳቸው ትንሽ መጽሐፍ ታትመው ጎብኚው በሩ ላይ የመረጠውን ተውሶ እያነበበ ይዞራል፣ ሲወጣም ይመልሳል ወይም ይገዛል። በብዙ አገሮች የተለመደ አሠራር ነው፤ ኤሌክትሪክም ኔትወርክም አይፈልግም። በስልክ ካሜራ የሚነበቡ ምልክቶችን መለጠፍም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ዳታ ለመሙላት ስለሚቸገሩ ወረቀቱን የሚተካ አድርጌ አላየውም።

ስለ ብርሃን የሚሰማው ቅሬታ ሌላው ጉዳይ ነው። ጎብኚዎች «ክፍሉ ጨለመብን» ይላሉ፤ ከጠባቂዎቹ ጋር ሲጨቃጨቁም ሰምቻለሁ። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው። ብርሃን በቀለም፣ በወረቀት፣ በቆዳና በጨርቅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እየተጠራቀመ የሚሄድና የማይመለስ በመሆኑ ለእጅ ጽሑፍና ለጨርቃ ጨርቅ የሚመከረው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ገደማ ነው። ከደጅ ያለው የሐረር የቀትር ፀሐይ ደግሞ በአሥር ሺዎች ሉክስ ይቆጠራል። ከዚያ ፀሐይ በቀጥታ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ዐይኑ እስኪለምድ ድረስ ደቂቃዎች ያስፈልጉታል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ምንም አላይም ብሎ አልፎ ይሄዳል። መብራት መጨመር ቅርሱን መጉዳት ነውና የሚሻለው ጎብኚውን በደረጃ ማስገባት ነው፦ በመጀመሪያ ግማሽ ብርሃን ባለበት መግቢያ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቆሞ የከተማዋን ታሪክ በግድግዳ ላይ እንዲያነብ፣ ካርታ እንዲያይ ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጨለምለም ያለው ክፍል ማሳለፍ። ማብራሪያው ሲነበብ ዐይኑ ይለምዳል። የእጅ ጽሑፉ የሚከፈተው ገጽም በየጥቂት ወሩ ቢገለጥ አንዱ ገጽ ብቻ ብርሃን እየመታው አይደበዝዝም፤ ጎብኚውም ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ያገኛል። አከርካሪው እንዳይሰነጠቅ መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ከማስተኛት ይልቅ በሁለት በኩል ደግፎ በከፊል የሚከፍት መቀመጫ ያስፈልገዋል፤ ይህንም ማንኛውም የከተማችን አናጢ ሊሠራው ይችላል። ከሣጥኑ አጠገብ ደግሞ የዚያው ገጽ ቅጂ በትልቁ ታትሞ፣ ኅዳጉ በቀስት ተጠቁሞ፣ ልጆች በጣታቸው እየተከተሉ እንዲያዩት ቢደረግ በመስታወት ውስጥ ያለው ቅርስ ሳይነካ ይነበባል።

ይህን ስጽፍ የንድፍ ዕውቀት ከባሕር ማዶ ብቻ ይመጣል የሚል አሳብ የለኝም። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት አምስቱ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች)፣ ማለትም አሚር ነደባ፣ ጊዲር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ገብቲ ኤሐር ነደባና ሱትሪ ነደባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገር ያሳያሉ። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዕቃ አላቸው። ሰሐኖቹ፣ ሙዳዮቹና በእጅ የተሰፉት ስፌቶች በግድግዳው ላይ የሚሰቀሉት በሥርዓት ነው፤ ወደ ቤት የገባች ሴት የቤቱን እመቤት ሙያ፣ የተዳረች ልጅ እንዳለች፣ የትኛው ስፌት ለየትኛው ሥነ ሥርዓት እንደሚወርድ ከግድግዳው ላይ ታነባለች። የነደባዎቹ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነም ከአረጋውያን ይሰማል። ይህ ሁሉ ዕቃን በቦታ፣ በከፍታና በቀለም የማናገር ጥበብ ነው። ታዲያ ያው ስፌት ከዚያ ግድግዳ ወርዶ ሙዚየም ሲገባ፣ ከሌሎች 20 ስፌቶች ጋር በመጠን ተደርድሮ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ፣ በቤት ሳለ ይናገረው የነበረውን ያጣዋል። የቤቱ አሠራር ሳይነካ በተጠበቀባቸው የጁገል ቤቶች ውስጥ ተማሪዎቼ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፤ በነደባው ላይ እንዲቀመጡ ሲፈቀድላቸውም ጥያቄያቸው ይበዛል። የሙዚየም ኃላፊዎቻችን ስለ ንድፍ ምክር ሲሹ በመጀመሪያ እነዚህን ቤቶች ያደራጁ እናቶችን ቢጠይቁ መልካም ነው።

በአዲስ አበባም የምንማርበት ምሳሌ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው፣ የሕዝቦቻችንን መገልገያዎች በየብሔረሰቡ ከፋፍሎ ከመደርደር ይልቅ በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል አደራጅቷቸዋል፤ ጎብኚው ከልደትና ከልጅነት ተነሥቶ በጉልምስና አልፎ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ድረስ ይጓዛል። በዚህ አደረጃጀት የአንዱ አካባቢ የሕፃን ማዘያ ከሌላው አካባቢ የሕፃን ማዘያ አጠገብ ይሆናል፤ ተመልካቹም ልዩነቱንና አንድነቱን ማንም ሳይሰብከው ያያል። በብሔራዊ ሙዚየም የምትገኘው ሉሲም እንዲሁ ናት። በ1967 ዓ.ም. በሀዳር የተገኙትን የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸውን አጥንቶች ተኝተው ብቻ ያየ ሰው የተቆራረጡ ቁርጥራጮችን ያያል፤ ተሟልታና ቆማ የተሠራችውን ቅጂ ሲያይ ግን ቁመቷ ከአንዲት ትንሽ ልጅ እንደማይበልጥ፣ በሁለት እግሯም ትሄድ እንደነበር በቅጽበት ይገባዋል። ተማሪዎቼን አዲስ አበባ በወሰድኩበት ጊዜ ያስታወሱት ያንን ቁመት ነው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ፤ ልቤ ያለው በዚህ ላይ ነውና። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን በቆየ ጊዜ ስለ ከተማዋ ብዙ የማያስደስት ነገር ቢጽፍም የመጽሐፍ ጥረዛዋን ግን ከማድነቅ ሊያመልጥ አልቻለም፤ በጥንካሬና በውበት ከምሥራቅ አገሮች ከፋርስ በቀር የሚበልጣት የለም ብሏል። ቁርኣን የሚገለብጡ ጸሐፊዎች፣ ቆዳ የሚደጉሱ ባለሙያዎች፣ ዚክሪ የተባለውን መንፈሳዊ ዜማ የሚጽፉና የሚያዜሙ ሊቃውንት የነበሩባት ከተማ ናት። በቀድሞው የራስ ተፈሪ መኖሪያ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም መሥራች አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ እየለመኑና እየገዙ የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ አልባሳትና የድምፅ ቅጂዎች በግል ጥረት ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል ያሳያሉ፤ ያረጁ መጻሕፍትን በመጠገንና የጥረዛውን ሙያ በማስቀጠል ያደረጉትም ከተማዋ ሁልጊዜ የምታመሰግናቸው ውለታ ነው። በራምቦ ቤት ያለው የቆዩ ፎቶግራፎች ስብስብም እንዲሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ለንግድ ሥራ ሐረር መጥቶ፣ በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ፎቶ ማንሣቱ ይታወቃል። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የትናንቷን ሐረር ገበያና በሮች ያየ ልጅ ወጥቶ የዛሬውን በር ሲያይ ሁለቱን ማነጻጸር ይችላል፤ የትኛው ፎቶ ከየት ቦታ እንደተነሣ የሚያሳይ ካርታ ያለበት ትንሽ መጽሐፍ በእጁ ቢኖር ደግሞ ከተማው ራሱ የሙዚየሙ ቅጥያ ይሆንለታል። በ1998 ዓ.ም. ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ከነመንገዷና ከነቤቷ ስለሆነ ጉብኝቱ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚያልቅበት ምክንያት የለም።

መጽሐፍ ስል የአንዳንዶች ሐሳብ ወደ ትልቅ፣ በባለ ቀለም ወፍራም ወረቀት ወደሚታተም፣ ለእንግዳ በስጦታ ወደሚሰጥ ዓይነት ይሄዳል። እንዲህ ያለውም የራሱ ቦታ አለው፤ ተመራማሪ ይፈልገዋል። እኔ የምጠይቀው ግን የአንድ ተማሪ የኪስ ገንዘብ የሚገዛው ነው። አራት ኤ4 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ በመሃሉ ሲሰፋ 16 ገጽ ይሆናል። በዚህ 16 ገጽ ውስጥ ዐሥር ዕቃዎችን መርጦ የእያንዳንዱን ሥዕልና አጭር ታሪክ ማስገባት፣ በየገጹ ግርጌም ልጁ ዕቃውን ፊት ለፊት ካላየ የማይመልሰውን አንድ ጥያቄ ማስቀመጥ ይቻላል፦ «በቆዳው ሽፋን መሃል ያለው ሐረግ ስንት ቅጠል አለው? ቁጠርና ሣለው» የመሰለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ልጁን ከአንድ ሣጥን ፊት ያቆየዋል፤ ዐይኑ አንድን ነገር ረጋ ብሎ ማየት ይለምዳል። ወደ ቤቱ ሲመለስም ለእናቱና ለአያቱ ያነብላቸዋል። አያቱ «ይህማ በእኛ ቤት ነበር» ስትል ሙዚየሙ የማያውቀው ታሪክ ይገኛል፤ ያንን የሚጽፍበት ባዶ ገጽ በመጨረሻ ላይ ቢተውለትና መምህሩ ሰብስቦ ለሙዚየሙ ቢመልሰው መጽሐፉ በየዓመቱ ይዳብራል። ማተሚያ ቤት ሄዶ በብዛት ማሳተም ካልተቻለ በትምህርት ቤት ማባዣ ማሽን ተባዝቶ በተማሪዎች እጅ ሊሰፋ ይችላል። በሐረር ሥርዓት መጽሐፍ መስፋትን የሚያውቁ ባለሙያዎች ለአንድ ከሰዓት በኋላ ክር፣ ወስፌና ቆዳ ይዘው ሙዚየም ውስጥ ቢቀመጡ፣ ልጆቹም የራሳቸውን መጽሐፍ ሰፍተው ቢወጡ፣ የዕለቱን ጉብኝት ከማስታወስ አልፈው ሙያውን ሊወርሱ የሚችሉ እጆችም ይገኛሉ።

አስጎብኚዎቻችን ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው እንዳይኖር እፈራለሁ። መጽሐፉ ካለ ማን እኛን ይቀጥራል ሊሉ ይችላሉ። እንጀራቸው ስለሆነ ሥጋታቸውን አቅልዬ አላየውም። ሆኖም በየቀኑ ያንኑ ዓመተ ምሕረትና ያንኑ የበር ስም መዘርዘር ያደክማቸዋል እንጂ አያስከብራቸውም። ያ ሁሉ በመጽሐፉ ቢሰፍር እነርሱ ከአባቶቻቸው የሰሙትን፣ በመጽሐፍ የማይገኘውን ለመናገር ጊዜ ያገኛሉ። በጁገል ስንዘዋወር አንድ አዛውንት አስጎብኚ ስለ አንዲት ጠባብ መንገድ ስም አመጣጥ የነገሩንን ያህል በየትም አላነበብኩም። እንዲያውም መጽሐፉን ለማዘጋጀት መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው እነርሱ ናቸው፤ ስማቸውም በአዘጋጅነት ሊጻፍ፣ ከሽያጩም ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል።

በጎረቤታችን በድሬዳዋም የሚጠብቅ ሥራ አለ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማዋ የቆመችበት ሜዳ ደረሰ፤ ከተማዋም በእርሱ ተወለደች። በአሮጌው ጣቢያና በጥገና ክፍሎቹ ያሉት ማሽኖች፣ ሠረገላዎችና መሣሪያዎች ለሚያውቃቸው ሰው ተአምር ናቸው፤ ለማያውቃቸው ወጣት ግን ዝገት ይመስሉታል። በእነዚያ ክፍሎች ዕድሜያቸውን ያሳለፉ፣ ፈረንሳይኛውንና አማርኛውን ቀላቅለው እያንዳንዱን ቁራጭ በስሙ የሚጠሩ ጡረተኞች ገና አሉ። የማሽኖቹ ስምና ሥራ ከእነርሱ አንደበት ተቀድቶ በየማሽኑ ላይ ቢለጠፍ፣ ትንሽም መጽሐፍ ቢወጣለት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜ ግን አይሰጥም፤ እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዲስ ሕንፃ፣ የሙቀትና የእርጥበት መቆጣጠሪያ፣ ከውጭ የሚመጣ የማሳያ ሣጥን በእርግጥ ውድ ናቸው፤ እነርሱን አልጠየቅሁም። ካርድ እንደገና መጻፍ፣ ከግርጌ ወደ ዐይን ትይዩ ማንሣት፣ ሳንቲሟን ከብሩ አጠገብ ማስቀመጥ፣ የመግቢያውን ክፍል ማደብዘዝ፣ 16 ገጽ ማባዛት በአንድ ክረምት ውስጥ የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። የሚያስፈልገው የሙዚየሙ ባለቤቶች ፈቃድና የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አስተባባሪነት ነው፤ ዐረብኛውን የሚያነቡ ሊቃውንት በከተማችን አሉ፣ በሐሮማያና በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎችም የታሪክና የቋንቋ መምህራን አሉ። እኛ የትምህርት ቤት መምህራን ጽሑፉን ለማርቀቅ፣ በተማሪዎቻችን ላይ ለመሞከርና ያልገባቸውን ቃል ለመለወጥ ዝግጁ ነን፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረንበታል።

የጋዜጣችሁን ዝግጅት ክፍልም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በየሳምንቱ በአንድ አምድ ከሐረር ወይም ከድሬዳዋ ሙዚየሞች የአንድ ዕቃ ሥዕልና የ40 ቃላት ማብራሪያ ብታወጡ፣ አንባቢዎችም የሚያውቁትን እየጨመሩ ቢልኩላችሁ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የ50 ዕቃዎች ማብራሪያ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ወደ ሐረሪ፣ ወደ ኦሮምኛና ወደ ሶማሊኛ ለመመለስም መነሻ ይሆናል። ፈቃዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ በኅዳጉ ላይ ስለተጻፈበት የእጅ ጽሑፍ የሚናገረውን፣ ዐረብኛውን የሚያነብ ሊቅ ካስጠየቅሁ በኋላ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር
ከሐረር